ለአባዬ፣ ጅማ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጅማ ዝናቡ ገባ ወይ? የጓሮው ቡናስ አበበ? ሊያ ሁለት ጥርስ አበቀለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች።

ባለፈው በቪዲዮ ስታጫውታት እጅጌህ ከፍ አለ። ክንድህ በልዞ አየሁት። ወዲያው ሸፈንከው። የምርመራውን ውጤት የነገረችኝ እማዬ ናት፤ «እንዳትነግሪው» ብላ። ቀይ ደሙም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም አንድ ላይ ወርዷል። ችግሩ ከመቅኔው ሊሆን ይችላል። አንተ ግን «ድካም ነው» አልከኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው ትለኝ ነበር። ደም እንዴት እንደሚጀመር ማጥናት ነው። ፅንስ ውስጥ ደም ሲጀመር ከመቅኔ አይደለም፤ መቅኔ ገና አልተፈጠረም። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ፅንሱ ምስር ሲያክል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ወለል ላይ ጥቂት ሴሎች ግድግዳነታቸውን ትተው የደም ግንደ ህዋስ፣ ማለትም ሌላውን የደም ሴል ሁሉ የሚያፈራ ሴል፣ ይሆናሉ። በራሳቸው ግን አይነሱም። ጎረቤት ሴል ኖች በሚባል መልእክት ይነካቸዋል። ቢኤምፒ 4 የሚባል ፕሮቲን ይደርሳቸዋል። ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድም ድርሻ አለው። ራንክስ 1 የሚባለው ጂን ካልሠራ ለውጡ የለም። ከዚያ ጉበት ገብተው ይባዛሉ፤ ወደ መቅኔ የሚሄዱት በኋላ ነው።

በፈረንጆች 2024 ሜልበርን ያሉ ተመራማሪዎች መልእክቶቹን በተራ በተራ እየሰጡ ከሰው ሴል ግንደ ህዋስ ሠሩ። አይጥ ውስጥ ሲገባ መቅኔዋ ላይ ተተክሎ ደም ሠራ። ሳነበው አለቀስኩ። የእኔም ሥራ እዚያው ዙሪያ ነው። ግን አባዬ፣ ዛሬ ለአንተ የሚደርስ ነገር በእጄ የለም። ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ።

ዳዊት ሲሞት መርዶውን ያቆያችሁት ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው፤ አውቃለሁ። ሰልስቱም አርባውም አለፈ። ስደውል «ተኝቷል» ትለኝ ነበር። «ሰላም በልልኝ» እልህ ነበር። ለሞተ ወንድሜ ሰላምታ ስልክ ነበር፣ አባዬ። ያሳደግከኝን፣ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ይህ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ደግሞ እንዳታደርገው።

ሐኪሙ ያዘዘው የመቅኔ ናሙና ይወሰድ፤ አታዘግየው። ለራስ ምታት አስፕሪን እንዳትወስድ፣ ያደማሃል። በምላጭ መላጨቱንም ተው። ትኩሳት ከያዘህ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ፤ የሰፈሩን ባለባጃጅ ስልክ እማዬ ትያዝ። አጋሮ ያለው አጎቴ አብሮህ ለመሄድ ተስማምቷል፤ እንዳትከለክለው።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ አንተው ላክልኝ። በእማዬ በኩል አይሁን።

ልጅህ