ያቺን ካሴት አትጣያት

ሆዴ፣

ይቅርታ። ካልደወልኩልሽ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ፤ ቆጥሬዋለሁ። ሥራ፣ ልጅ ምናምን ብዬ ምክንያት ልደረድር ነበር። አንቺ ግን ገና አፌን ሳልከፍት ውሸቴን ስለምታውቂ ተውኩት። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ይሄን ልተንፍስልሽ፣ ከአንቺ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

ያ የእኛው ዘፋኝ መጣ። አዎ፣ እሱ! ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን የጨረስነው። ፖስተሩን ራስጌሽ ለጥፈሽ "እኔን ነው የሚያየው" ትዪ ነበር፤ እንዳትክጂ።

ቅዳሜ ለት እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ትኬቱ 70 ዶላር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ይጀምራል ተብሎ እሱ መድረክ ላይ የወጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ከጎኔ አንዲት እናት ቆመዋል። የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። በቀጥታ ከሥራ ስለመጡ ነጠላቸውን ዩኒፎርማቸው ላይ ደርበዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተመልሰው ይገባሉ። "ልጄ፣ እሱን በአካል ሳልሰማው ብሞት ይቆጨኛል" አሉኝ።

ወጣ። ጮህን። አንቺ የምታለቅሺበትን ዘፈን ጀመረ። እኚያ እናት እየተጋፉ ሄደው ሃያ ዶላር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ሊያቅፋቸው ማይኩን አወረደ። ድምፁ ግን አልወረደም። እዚያ ከፍ ብሎ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ፣ ታውቂዋለሽ፣ ድምፁ ከስፒከሩ ይንቆረቆራል፤ እሱ አፉን ገጥሞ ፈገግ ብሏል። ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሰው መጨፈሩን አላቆመም፤ እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። አምስት ዘፈን በፕሌይባክ፣ "እወዳችኋለሁ!" አለና ወረደ።

ድምፁ ቢደክም እኮ ምንም አልልም። ጥላሁን እግሩን ካጣ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ሲዘፍን ማን ቅር አለው? ማህሙድ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበት፣ ሰው የሄደው የወጣትነት ድምፁን ፍለጋ ነው እንዴ? እዚሁ እኛ ዘንድ ደግሞ የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አለ። ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አድማጭ በሌለበት! ለሙዚቃ እንደዚህ የሚታመን ሰው እያለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊቱ ቆሞለት አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ምን ይባላል?

የከፈልነው ለሲዲው አይደለም። ሲዲውማ ቤታችን አለ። በዚያች ሌሊት፣ በራሱ ጉሮሮ፣ ቢሻክርም ለእኛ ብሎ እንዲዘፍን ነው። ዕዳው እሱ ብቻ ነበር። ቢያቅተው እኮ እኛ እንጨርስለት ነበር፤ ግጥሙን በቃሉ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

ቤት ስገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እና... እንዴት ልበልሽ። እማማ ያረፉ ጊዜ የላኩልሽ መልእክት አለ አይደል? "ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን" የሚለው ረጅሙ። እኔ አልጻፍኩትም። ሌላ ሰው ለሌላ ለቅሶ ቴሌግራም ላይ የጻፈውን ገልብጬ ነው። ስልኩን ይዤ ተቀምጬ ነበር እኮ። ድምፄ ይቆራረጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ከእጃቸው እየጎረስኩ አድጌ ለቅሶ አልደረስኩሽም። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል?

እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ። ካላነሳሽ ሰኞም እደውላለሁ።

ያቺን ካሴት ደግሞ አደራ፣ ካለች አትጣያት። ሁለተኛው ገጿ ላይ የራሳችንን ዘፈን የቀዳንባትን ማለቴ ነው። መጨረሻው ላይ እማማ ከጓዳ ይጣራሉ፦ "ኑ እንጂ፣ አቦሉ ቀዘቀዘ!"

ያንቺዋ