ልጃችንንም ስታር ዋርስንም አብራችሁን ላሳደጋችሁ

ልጃችን በሂሳብ አያያዝ ተመርቃለች። ደውላችሁም መጥታችሁም "እንኳን ደስ አላችሁ" ላላችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግማሾቻችሁ አያይዛችሁ "ያ የስታር ዋርስ ነገር ለቀቃት ወይ?" ብላችኋል። የጠፈር ጦርነቱን ተከታታይ ፊልም ማለታችሁ ነው። አለቀቃትም። ከጋዋኑ ሥር ምን ያለበት ቲሸርት እንደለበሰች ፎቶውን ያየ ያውቃል። ስለዚህ ምስጋናችን ከምርቃቱ ራቅ ካለ ዘመን ይጀምራል።

ልጅ ሳለች ቤታችን የገባ እንግዳ አንድ ትምህርት ሳይወስድ አይወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ለምን ክፍል 4 እንደሚባል፣ ክፍል 1 ለምን እስከ 1999 እንደቆየ። ልትሄዱ ተነስታችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ የፊልሙን ዋና ክፉ ሰው፣ የዳርት ቬደርን የልጅነት ታሪክ ያዳመጣችሁ፣ ትዕግሥታችሁን አልረሳንም።

አክስቷ ጄዳይ የሚባሉት የፊልሙ ደግ ተዋጊዎች የሚለብሱትን ያን ቡናማ ካባ ሰፍታላታለች። ልጅቷ በረዘመች ቁጥር ጫፉን እየፈታች አስረዝማዋለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በየጦርነቱ ተሸናፊ ሆኖ አደገ። ቀዩ፣ የክፉዎቹ የብርሃን ሰይፍ ሁልጊዜ የእሱ ነው፤ ጄዳይ የመሆን ተራ ደርሶት አያውቅም። አንተም ተባረክ።

የፊዚክስ መምህሯ ሆይ፣ እርስዎን ረዘም አድርገን ነው የምናመሰግነው። የፊልሙ የጠፈር መርከብ ነጂ ሃን ሶሎ የኬሰልን ጉዞ ከ12 ፓርሴክ ባነሰ ጨረስኩ ብሎ መፎከሩን ክፍል ውስጥ ስታነሳ ልጆቹ ሳቁባት። "ተቀመጪ" ማለት ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ጠመኔውን ሰጧት። ፓርሴክ የርቀት እንጂ የጊዜ መለኪያ እንዳልሆነ፣ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሆነ ራሷ ሰሌዳው ላይ አስረዳች። ከዚያ "ጠፈር ላይ አየር ከሌለ ያ ሁሉ ፍንዳታ እንዴት ይሰማል?" ብለው ወደ ቤት ላኩልን።

ጉዳችን የመጣው ያኔ ነው። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የብርሃን ሰይፉን ድምፅ ከፊልም ማሳያ ሞተርና ከቴሌቪዥን እዝዝታ እንደሠራው አነበበች። ታይ ፋይተር የምትባለው የጦር መንኮራኩር ጩኸት ደግሞ የዝሆን ድምፅና እርጥብ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ቅልቅል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያጉረመርም ዕቃ ሁሉ ተቀዳ። ዝናብ ባባራ ቁጥር መኪናችሁን ወዲያ ወዲህ የነዳችሁላት ጎረቤቶቻችን፣ የነዳጁ ዕዳ አለብን።

ነገሩ በዛ ብለን ስንሰጋ ሐኪሟ "ትበላለች? ትተኛለች? ትማራለች? ጓደኛ አላት?" ብለው ጠየቁን። ለሁሉም አዎ ስንል "ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ?" አሉን። እንቅልፍ የወሰደን ከዚያ በኋላ ነው።

ጓደኛ ያልነው አንቺን ነው። ሌሎቹ "ሮቦቷ" እያሉ ሲያሾፉባት ከአጠገቧ አልተነሳሽም። እስከ ዛሬ አንዱንም ፊልም ሳታንቀላፊ ጨርሰሽ እንደማታውቂ እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ይህን ለሌላ ሰው ይቅር አትልም ነበር።

"የት ያደርሳታል?" ላላችሁንም ምስጋና አለን፤ አስባችሁልን ነው። የተቀጠረችበት ሥራ ከስታር ዋርስ ጋር አይገናኝም። ዴዝ ስታርን፣ ያን ፕላኔት የሚያፈርስ የጠፈር ምሽግ፣ ለመገንባት ስንት እንደሚፈጅ በትርፍ ጊዜዋ ሂሳብ እያወራረደች መሆኑን ግን አንደብቅም።

የምርቃት ስጦታዋን ራሷ መርጣለች። የስታር ዋርስን ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስን ስድስት ፊልሞች ከሁላችሁም ጋር በአንድ ቀን ማየት ትፈልጋለች። ወደ 13 ሰዓት ይወስዳል። ቀኑን ደውለን እንነግራችኋለን። የሚጀመረው ከክፍል 4 ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ትራስ ይዞ መምጣት ግን ይቻላል።