ያልመለስኩልህ ጥያቄ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ሦስት ዓመት ሞላን። ጥፋቱ የኔ ነው። እናትህ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ፤ ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ሥራ ገባሁ፣ ሳምንት አለፈ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ «አሁን ምን ብዬ?» አልኩ። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። ከእጃቸው በልቼ አድጌ ለቅሶ ሳልደርስህ ቀረሁ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። አንተም ይቅር በለኝ።

ትናንት ማታ ከመርዶው በፊት የላክህልኝን የድምፅ መልእክት እንደገና ሰማሁት። ሰፈር ውስጥ ልጆች ቅርጫት ኳስ ማሠልጠን መጀመርህን የነገርከኝ፣ ከኋላህ ኳስ ሲነጥር የሚሰማበት። «አንተ እዚያ ፊሽካ ይዘህ ቆመህ እነዚህን ሰዎች እንዴት ሦስት እርምጃ ታስኬዳቸዋለህ? ልጆቹ በስልክ እያዩ እኔን ይሞግቱኛል» ነበር ያልከኝ። ዕዳ ሆኖብኝ ስለቆየ ከሱ ልጀምር።

ልጆችህ የሚያዩት ኤንቢኤ ነው፣ የአሜሪካን የፕሮፌሽናል ሊግ፤ እኔ የምዳኘው ኮሌጅ ነው፤ እናንተ የምትጫወቱት ደግሞ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ ነው። ፊባ በ2017 እ.ኤ.አ. ሕጉን ቀይሮታል። ተጫዋቹ እየሮጠ ኳሱን በጨበጠባት ቅጽበት መሬት ላይ ያለው እግር አይቆጠርም፤ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሚረግጣቸው ናቸው አንድና ሁለት የሚባሉት። ኤንቢኤም እንደዚሁ ይቆጥራል። ኮሌጅ ግን ያ መሬት ላይ የነበረው እግር ራሱ ፒቮት ነው፤ የተተከለ እግር ማለት ነው። ሌላውን እግሩን ሊረግጥ ይችላል፣ ፒቮቱንም ሊያነሳ ይችላል፤ ያነሳው እግር ተመልሶ መሬት ከመንካቱ በፊት ግን ኳሱ ከእጁ መውጣት አለበት። በአጭሩ ለእናንተ ዜሮ የሆነው ለኔ አንድ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በስልክ የሚያዩት፣ ወደኋላ አፈግፍጎ መወርወሩ፣ እኔ ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ትራቭል፣ ኳስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ መሄድ፣ ነው። አንተ ግን አትከልክላቸው፤ በእነሱ ሕግ የተፈቀደ ነው። በዚህ ክርክር ልጆቹ ረትተውሃል።

አራት ኪሎ ወወክማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ «አነሳ! አነሳ!» እያልን ስንጮህ ትዝ ይልሃል? ግማሹን ያለ ጥፋቱ ነው የጮህንበት። የተተከለ እግር ማንሳት በራሱ ጥፋት አይደለም። አንስቶ ወርውሮ ወይም አቀብሎ ከሆነ ንጹህ ነው። የማይቻለው አንስቶ መመለስ፣ ወይም ድሪብል፣ ኳሱን ማንጠር፣ ሊጀምር ሲል ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ማንሳት ነው። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረን ሰው አላገኘንም፤ አንተ ግን ዛሬ ለልጆቹ ልትነግራቸው ትችላለህ።

ጨዋታው የተወለደውም እኮ ወወክማ ውስጥ ነው። ጄምስ ኔይስሚት በ1891 እ.ኤ.አ. ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ፣ በማኅበሩ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲያስተምር 13 ሕግ ጻፈ። ሦስተኛው፣ ኳስ ይዞ መሮጥ አይቻልም፣ ከተቀበለበት ቦታ ይወርውር ይላል። ግን እዚያው ላይ፣ በፍጥነት እየሮጠ የተቀበለና ለመቆም የሚሞክር ሰው ይታለፍለት ብሎ ጨመረበት። ስንት እርምጃ ይታለፍለት? አልጻፈውም። ከ130 ዓመት በላይ ሆነን፣ የሕግ መጻሕፍቱ ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለመለካት ይደክማሉ። እኔም ፊሽካዬን ይዤ በየምሽቱ የምደክመው በሷው ነው።

ሥራው የእግር ሥራ ነው። ሦስት ዳኞች ነን፤ ሜዳውን ተከፋፍለን እንቆማለን፣ ኳሱ ሲዞር ቦታ እንቀያየራለን። ተጫዋቹ ወደኔ ክልል ሲገባ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ መቼ ጨበጠ? ያኔ የትኛው እግሩ መሬት ላይ ነበር? ያ እግር ከዚያ ወዲያ የት ሄደ? የመጀመሪያውን ያላየ ዳኛ ሦስተኛውን ቢያይ ዋጋ የለውም። ተመልካች የሚያየው መጨረሻውን ነው። ዩሮስቴፕ ሲመጣ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ሲጥለው፣ ዓይን ላይ ስለማያምር አዳራሹ ሁሉ ይጮኻል፤ ኳሱን የጨበጠው ሁለቱም እግሮቹ አየር ላይ እያሉ ከሆነ ግን አንዳች ጥፋት የለበትም። በጀርባው ዞሮ የሚገባው ደግሞ ለዓይን ያምራል፣ ማንም አይጮኽም፤ ብዙ ጊዜ ግን የተተከለው እግር መሃል ላይ ተቀይሯል። ያላየሁትን ጥፋት ማሳለፌ ይቆጨኛል። ያላየሁትን መንፋቴ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ባለፈው የካቲት፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ የወንዶች ጨዋታ። 11 ሰከንድ ቀርቷል፣ ባለሜዳዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ። የእንግዶቹ ልጅ፣ አንደኛ ዓመት ነው፣ ከማዶ ተነስቶ ሰንጥቆ ወደኔ መጣ። እኔ ዓይኔ ሊከላከል የመጣው ተጫዋች ደረት ላይ ነበር፤ ግጭት ጠብቄ። ወደ እግሩ ስመለስ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ አየሁ። ነፋሁ። ሁለት እጄን ጨብጬ አሽከረከርኩ። ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አልተቆጠረም።

ልጁ አልተከራከረኝም። እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ሆዴ ያኔ ነው የተላወሰው። ኳስ ጨብጦ የሄደ ልጅ ወይ ዳኛውን ያያል ወይ እግሩን፤ መዳፉን አያይም። አሰልጣኙ ይጮኻል፣ እኔ ግን የልጁን መዳፍ ነው የማየው። ትራቭልን ጨዋታ አቁመን በቪዲዮ ማየት አይፈቀድልንም፤ ታይቶ የሚታረም ነገር አይደለም። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ቤት ገብቼ ቪዲዮውን አየሁት። ድሪብሉን ሲጨርስ ኳሱ አምልጦት በጣቶቹ ጫፍ ላይ ተንሸራቷል። በደንብ የጨበጠው የመጨረሻው ግራ እግሩ ሊያርፍ ሲል ነው። ያልጨበጠ ሰው ትራቭል አይሠራም፤ ኳስ ካመለጠው እስኪይዘው ድረስ እግሩ ነጻ ነው። ሕጉን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ያን ሌሊት ዳኞችን በየጨዋታው ለሚመድበው ኃላፊያችን ስህተቱ የኔ መሆኑን ጻፍኩለት። ለልጁ ግን የምነግርበት መንገድ የለኝም፤ ዳኛ ተጫዋች ቤት አይደውልም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። የጨዋታ ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ እከፍትና የቴሌቪዥኑን ላይኛ ግማሽ በካርቶን እሸፍነዋለሁ። ከወገብ በታች ብቻ። ጫማና መሬት። መጀመሪያ ምንም አይገባህም፤ ከሳምንት በኋላ ግን እግር መናገር ይጀምራል። ተረከዝ ሲነሳ፣ የጫማ ጫፍ ሲጎተት፣ ክብደት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ልጁ ወዴት እንደሚዞር ቀድመህ ታውቃለህ። ከዚያ ካርቶኑን አዙሬ ታችኛውን እሸፍንና እጅ ብቻ አያለሁ፤ መቼ ጨበጠ የሚለውን። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ነው የማየው፤ እሷም አሁን አሁን ከኔ ቀድማ «ይሄ ሄዷል» ትላለች።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ልጆችህ ሲለማመዱ ስልክህን መሬት አጠገብ አስቀምጠህ ከጉልበት በታች ብቻ ቅረጽልኝ። ፊታቸውን ማየት አያስፈልገኝም። በፊባ ሕግ አይቼ፣ የትኛው ልጅ እግሩን የት እንደሚያጠፋ አንድ በአንድ ጽፌ እልክልሃለሁ። በድምፅ ብትፈልግም እደውላለሁ፤ እሑድ እዚህ ጠዋት ሲሆን እናንተ ጋ አመሻሽ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ እጄ ነጻ ነው።

መቃብራቸው ላይ በኔ ስም ሻማ አብራልኝ።

ወንድምህ