ዲስክ ከመጠገኑ በፊት የኮምፒውተርዎን ሴቲንግ ስለ ማስቀመጥ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለክቡራን ደንበኞቻችን

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ብዙዎቻችሁ የሒሳብ ሥራችሁን አጠናቃችሁ «ኮምፒውተሩ ከብዶታል፣ አጽዱልን» በማለት ወደ ሱቃችን ትመጣላችሁ። ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ቼክ ዲስክን (የዲስክ ስሕተት ፈልጎ የሚያርመውን)፣ ዲፍራግን (የተበታተኑ የፋይል ቁራጮችን የሚያሰባስበውን) ወይም ማንኛውንም የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራም ከማስነሳታችን በፊት የሰነዶቻችሁን ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ጭምር ባክአፕ ስለምንይዝ፣ ቀድሞ በዕለቱ ይመለስ የነበረው ማሽን አንዳንድ ጊዜ በማግስቱ ይመለሳል። ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ይገባል።

ባለፈው ክረምት በሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ደንበኛችን ኮምፒውተር ላይ ቼክ ዲስክ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ። ሰነዶቹን አስቀድመን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ ገልብጠን ስለነበር አንድም ፋይል አልጎደለም። ሆኖም የተጠቃሚው ፕሮፋይል (የራሱ ሴቲንግ የሚቀመጥበት ክፍል) ተበላሽቶ ስለነበር የደረሰኝ ፕሪንተሩ አልታወቅ አለ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙም ዳታው የት እንዳለ ማግኘት ተሳነው፤ ሁሉንም ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብን። በእነዚያ ቀናት እንግዶች የተስተናገዱት በእጅ በተጻፈ መዝገብ ነበር። ሴቲንጉን ሳናስቀምጥ ሥራ መጀመራችን የእኛ ጥፋት ነው።

ቼክ ዲስክ የሚጠብቀው የዲስኩን የፋይል ማውጫ ሥርዓት ነው፤ ማውጫው ላይ የተዛባ ነገር ሲያገኝ ያርመዋል ወይም ይቆርጠዋል፣ ባለቤት ያጣውንም ቁራጭ ለብቻው በፈጠረው ፎልደር ያስቀምጠዋል። የተቆረጠው ፎቶግራፍ ከሆነ ጉዳቱ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንጉን ሁሉ የሚያኖርበት ሬጅስትሪ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ቀደም ባሉት ዊንዶውሶች የሬጅስትሪ ቅጂ በራሱ ጊዜ ይያዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ወዲህ ግን ይህ በመቅረቱ የቅጂው ፎልደር ቢኖርም ውስጡ ያሉት ፋይሎች ባዶ ናቸው። «ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ቅጂ) አለኝ» የምትሉም አላችሁ። ጠቃሚ ነው፣ እኛም ሁልጊዜ እንፈጥራለን፤ ነገር ግን የሚቀመጠው እዚያው ሊጠገን ባለው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮት ይሞታል። ስለዚህ የምንተማመነው ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ሀርድ ዲስክ ላይ በተያዘ ሙሉ ቅጂ ነው።

ሴቲንግ ስንል ብዙ ሰው የማያስታውሳቸውን ነገሮች ይጨምራል። በክሮም ያስቀመጣችኋቸው የይለፍ ቃላት ከዊንዶውስ ተጠቃሚው ጋር በምስጢር የተሳሰሩ በመሆናቸው ፎልደሩን መገልበጥ ብቻውን አይመልሳቸውም፤ ከብራውዘሩ ከራሱ ማውጣት ያስፈልጋል፣ የወጣው ፋይልም ማንም ሊያነበው ስለሚችል በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት። ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የሚነበበው የፊደል አሠራር) ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝ (በቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎችና ውሎች ያሏችሁ ድርጅቶችም የፊደሉን ፋይል (ፎንቱን) ራሱን አስቀምጡ፤ ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህንን ባለማወቅ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ሰነድ ስላጋጠመን አጥብቀን እናሳስባለን።

ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ይዛችሁ ኑ። ያለ እርሱ፣ ኮምፒውተሩ ቁልፉን በጠየቀ ጊዜ እኛም ሆንን ሌላ ባለሙያ ልንከፍተው አንችልም።

ዲስኩ የሚንቋቋ ድምፅ ካሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት ብዙ የሚያስጠብቅ ከሆነ እባካችሁ በቤታችሁ ቼክ ዲስክ አታስነሡ። የተጎዳ ቦታ ፍለጋ መላውን ዲስክ የሚያነብ ረጅም ሥራ በመሆኑ የደከመን ዲስክ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል፤ መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ መጠገን ነው። ለኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር ክፍል ለሌለው ዲስክ) ደግሞ ዲፍራግ አያስፈልገውም፤ የሚገባውን እንክብካቤ ዊንዶውስ በራሱ ያደርግለታል።

ከዚህ በኋላ ዴስክቶፖችን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ጋር አገናኝተን፣ ላፕቶፖችን ባትሪያቸው ሙሉ ሲሆን ብቻ እንጠግናለን፤ ባትሪው የማይዝ ላፕቶፕ በዩፒኤስ ይሠራል። የተያዘውን ባክአፕ ከእናንተ ጋር በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን ሳናይ ጥገናውን አንጀምርም፤ ስለዚህ ማሽኑን የሚያመጣው ሰው የትኞቹ ፋይሎችና ፕሮግራሞች ዋና እንደሆኑ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። የራሳችሁ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከሌላችሁ ቅጂውን በእኛ ዲስክ ላይ ለ30 ቀናት አቆይተን፣ ሁሉም ነገር እንደነበረው መሥራቱን ስታረጋግጡልን እናጠፋዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ክፍል