የታናፓ ቦርሳ

ለውድ ወንድሜ ሰሎሞን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በድንገት መጻፌ ሳያስገርምህ አይቀርም። ይቅርታህን ለምኜ ቶሎ ልለፈው፤ ምክንያት መደርደር ብጀምር «ደግሞ ጀመረው» ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ደኅና ነው፤ እኔም ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ።

ብዕር ያስነሣኝ ማልጉዲ ነው። ከሕንዷ ማይሶር ስንመለስ ሻንጣህ ውስጥ «በስሕተት» የገቡትን የሕንዱን ድራማ የማልጉዲ ዴይስን ዲስኮች አልረሳኋቸውም፤ ደግነቱ ተከታታዩ ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኝ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት ከፍቼ ተቀመጥኩ። የቫይድያናታን የመክፈቻ ዜማ «ታ ና ና» ተሰምቶ የላክስማን ሥዕሎች ብቅ ሲሉ፣ ያዳቫጊሪ የተከራየናት ጠባብ ክፍልና አከራያችን ቡና ነው እያለች የምታጠጣን ወተት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አንተ ማልጉዲ በእርግጥ ያለች ከተማ መስላህ ባቡር ጣቢያ ሄደህ ትኬት የጠየቅህበትን ቀን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። ደራሲው ናራያን በሐሳቡ የቆረቆራትን ከተማ፣ የድራማው ዳይሬክተር ሻንካር ናግ ዝናብ በማይለያት የአጉምቤ መንደር ወስዶ እንዳቆማት ያኔ ማናችን አውቀን? አሁን ግን አፍረህ አትመለስም፤ ድራማው ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው የአራሳሉ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማልጉዲ ሙዚየም ሆኗል። ትኬትህ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ትንሹን ስዋሚንና አባቱን ሆኖ የሚጫወተውን ጊሪሽ ካርናድን ለማየት ነበር የከፈትኩት። ሆኖም እጄ ሳላስበው የፖስተኛው የታናፓ ክፍል ላይ ዐረፈ። በየደጃፉ ቆሞ ሲያወጋ የሚውለው፣ የራማኑጃምን ልጅ ካማክሺን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቃት፣ ባል ሲፈለግላትም አባቷን ወደ ማድራስ ያጣደፈው ያ ሰው፣ ሠርጉ ሲቃረብ የራማኑጃም አጎት በጠና መታመማቸውን የሚናገር ፖስት ካርድ እጁ ይገባል። ቀኑ ካለፈ ሙሽራው ለሥልጠና ስለሚሄድ ሠርጉ ለዓመታት ሊገፋ ነው። ታናፓ ካርዱን፣ በኋላም የሞታቸውን ቴሌግራም፣ ይዞ ይቆያል፤ ሁሉ ካለፈ በኋላ መጥቶ ያስረክብና ልትከሰኝ ትችላለህ፣ ከሥራም ይባርሩኛል ይላል። ራማኑጃም ግን አይከሰውም፤ ባታደርገው ይሻል ነበር ብሎ ብቻ ይተወዋል።

ሰሎሞን፣ አሁን ታናፓ እኔ ነኝ።

እኅቴ ልጇን የምትድረው በመጪው እሑድ ነው፤ ሙሽራው ከጀርመን በሦስት ሳምንት ፈቃድ መጥቶ ማክሰኞ ሌሊት ይመለሳል። ጋሼ፣ ያሳደጓት አጎታችን፣ ደብረ ታቦር ዐርፈው ከተቀበሩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነበር፤ ዘመዶች መርዶውን ለእኔ ጥለው «አንተ እንዳየህ» አሉኝ። ሠርጉ ይለፍ ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ያልቻልኩት እርሷን ፊት ለፊት ማየቱን ነው። ትናንት «ጋሼን የሚያመጣ መኪና አዘጋጀህ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል አልኳት። እንዲሞቃቸው ብላ ያስፈተለችውን ጋቢ አጥፋ ሰጠችኝና ላክላቸው አለችኝ። ጋቢው መኪናዬ ኋላ ኮፈን ውስጥ ነው። ወዴት እንደምወስደው አላውቅም።

ማይሶር ሳለን ይህን ክፍል አብረን ባየን ጊዜ ምን ብዬ እንደተከራከርኩህ ታስታውስ ይሆናል። ሐዘን የባለቤቱ ነው፣ ሌላ ሰው ቀን ሊቆርጥለት አይገባም፣ ታናፓ ሰውየውን ከመሰናበት ከለከለው ብዬ ነበር። በሐሳቡ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ተሳስቼ ነበር አልልም። አንተ ግን መልስ አልሰጠኸኝም፤ «ምነው የእኛ ፖስተኛ ታናፓ በሆነ» ብለህ ሳቅህ፣ እኔም አብሬህ ሳቅሁ፣ ከዚያም ሻይ ልታፈላ ተነሣህ። ቃልህ ለማን እንደነበር የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ይኸው ሰሞኑን ነው። የግንቦቱን ሌሊት ማለቴ ነው። ፈተናህ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ እኔም እስከ ንጋት እንኳ አላቆየሁህም። ቀብሩ ላይ እንደማትደርስ እያወቅሁ ቀሰቀስኩህ። ያን ጊዜ እውነተኛ ወዳጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሸክሙ ከብዶኝ ወዳንተ የጣልኩት ይመስለኛል። የባከነብህን ዓመት አንድም ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም፤ ዝም ማለትህን ይቅርታ አድርጌ ቆጥሬው ኖርኩ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው፦ ያኔ ሁለት ቀን አቆይቼህ ቢሆን ኖሮ ትቀየመኝ ነበር? ሳትራራልኝ መልስልኝ። ሰኞ መልስ ነው፤ ረቡዕ ማለዳ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጎረቤቶቿና ከንስሐ አባቷ ጋር ደጇ እንደርሳለን። «መቼ ሰማህ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እንደማትተወኝ ታውቃታለህ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ከረቡዕ በፊት ብትደውል በየትኛውም ሰዓት አነሣለሁ።

ዲስኮቹንም አደራ።

ወንድምህ
ጌታቸው