የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ለእነማን?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኢንፍሉዌንዛን ከተራ ጉንፋን ጋር አንድ አድርገን «ያልፋል» እያልን ችላ ማለታችን በብርቱ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ከዚህ በሽታ ጋር በተያያዘ የመተንፈሻ አካላት ሕመም በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱ ሰዎች ይሞታሉ።

በየዓመቱ ሊከተቡ የሚገባቸው በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ እንደ ስኳር፣ አስምና የልብ ሕመም ያለ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ሰዎች፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከሁሉም አብልጬ የማስበው ስለ ነፍሰ ጡሮች ነው፤ ምክንያቱም ከ6 ወር በታች ያለ ጨቅላ ራሱ መከተብ ስለማይችል፣ የሚጠብቀው እናቱ በእርግዝናዋ ወራት ተከትባ ሰውነቷ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ሲተላለፍለት ነው።

«አምና ተከትቤያለሁ» ማለት ለዘንድሮ አይበቃም። ቫይረሱ ራሱን ይለዋውጣል፣ በሰውነት የተገነባውም መከላከያ ከወራት በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ የክትባቱ ይዘት በየወቅቱ የሚከለሰውም ለዚህ ነው። መከላከያው እስኪጠነክር 2 ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ መከተብ የሚሻለው በሽታው ከመስፋፋቱ በፊት ነው።

ክትባቱ ራሱ በሽታውን ያመጣል የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን አስቀርቷል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ አይችልም። ሆኖም ቀድሞ ለክትባቱ ብርቱ አለርጂ የታየበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይከተብ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ