ወይባ ለባሹ መነኩሴ

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የድሮ ኢየሩሳሌም ፊልም ሳይ አንድ ቦታ ላይ ብድግ አልኩ። ከባቡር ጣቢያው ሰዎች መሃል አንዱ ቢጫ ለብሷል። «ወይባ ነው! የዴር ሱልጣን መነኩሴ!» ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራሁ።

ማታ ዋናውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ፈልጌ አየሁት። ሰውዬው ግራጫ ነው። ካባው ቢጫም ሊሆን ይችላል፣ ቡናማም፣ አረንጓዴም። ቢጫውን የቀባው ኤአይ ነው። እናንተ ደግሞ «ኢየሩሳሌም በእውነተኛ ቀለሟና ድምፅዋ» ብላችሁ ነው የለጠፋችሁት።

ፊልሙን ያነሳው የሲኒማ ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፈረንሳውያን የሉሚየር ወንድማማቾች ካሜራማን አሌክሳንደር ፕሮሚዮ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1897 ነው፤ ዓድዋ ካለፈ ገና ዓመቱ ገደማ። ካሜራው በእጅ የሚዘወር የእንጨት ሳጥን ነበር። ያው ሳጥን ይቀርጻል፣ ፊልሙን ያባዛል፣ መልሶም ግድግዳ ላይ ያሳያል። አንዱ ጥቅል 17 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ50 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ድምፅ የሚባል ነገር አይቀዳም። ያሰማችሁን ፉጨትና ጫጫታ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጨመረው ነው።

ሁሉንም ማስተካከያ አልጠላም። ያኔ በሰከንድ 16 ምስል ገደማ ነበር የሚቀረጸው። በ24 ሲያሳዩት ሰዉ ሁሉ እንደ ዶሮ ይቅበጠበጣል። ፍጥነቱን ስላስተካከላችሁት ተመስገን።

ፕሮሚዮ ቀደም ብሎ ቬኒስ ላይ ካሜራውን ጀልባ ላይ ጭኖ ቀርጿል። እዚህ ደግሞ ባቡሩ ላይ ጭኖታል። ባቡሩ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ ባርኔጣ ያደረጉት፣ ታርቡሽ ያደረጉት፣ የጠመጠሙት ወደ ኋላ ይቀራሉ። አንዱ ባርኔጣውን ያነሳል። ተሳፋሪ ይሰናበት ይሁን ሳጥኑን ሰላም ይበል፣ እንጃ። ያለ ጫጫታው ሳየው ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። በድምፁ ግን ሦስቴ አይቼው ልብ አላልኩትም ነበር።

ለሚቀጥለው ጊዜ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፉልን፦ «ቀለሙና ድምፁ አሁን የተጨመረ ነው»። ዋናውንም አብራችሁ አውጡት። ቤቴ ውስጥ አሁንም «መነኩሴህ ደህና ናቸው?» እየተባልኩ ነው።

አንባቢያችሁ